አንድ ሰው ብቻ የቀረው የስፌት ክፍል

ባዶ መኪና ሰው ያስፈራል። ይህን ከእኔ በፊት ያወቀ ሰው ይኖር ይሆናል፤ እንደ እኔ አድርጎ የተጠቀመበት ግን በአዳማ መናኸሪያ ገና አልተወለደም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳፋሪ እየጠራሁ መኪና ስሞላ ኖሬአለሁ። "መቂ! ዝዋይ! ሻሸመኔ!" ብዬ ስጣራ ድምፄ እስከ ባቡር ጣቢያው ይሰማ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ እነሱ ናቸው የሚሉት።

ዘዴዬ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው እንዲህ ነው። አንድ መንገደኛ ወደ መናኸሪያ ሲገባ ሁለት ሚኒባስ ቆመው ያያል እንበል። አንደኛው ባዶ ነው፤ በሌላው ሰባት ሰው ተቀምጧል። መንገደኛው ሳያስብ ሰባት ሰው ወዳለበት ይሄዳል። ስለዚህ ሰባቱን ሰዎች እኔ ነኝ የማስቀምጣቸው። ተሸካሚውን፣ ማስቲካ ሻጩን፣ ሥራ የፈታውን ሁሉ ዘንቢል አስታቅፌ መስኮት ሥር አስቀምጣለሁ። እውነተኛው ተሳፋሪ ሲገባ አንዱን በዓይኔ ጠቀስ አደርገዋለሁ፤ "ውኃ ልግዛ" ብሎ ይወርዳል። እነዚህን ሰዎች በራሴ አጠራር እርሾ እላቸዋለሁ። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይነሳ ሁሉ መኪናም ያለ እርሾ አይነሳም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተበላሸብኝ፤ አንዱ እርሾዬ እንቅልፍ ወስዶት ሞጆ ደርሶ ነቃ።

ሁለተኛው ዘዴ ቃል ነው። "የቀረን አንድ ሰው ነው!" መኪናው ባዶም ይሁን ግማሽ፣ የሚቀረው አንድ ሰው ነው። ይህ ውሸት አይደለም። ተሳፋሪውም ያውቃል፣ ሹፌሩም ያውቃል፣ ትራፊክ ፖሊሱም ያውቃል። አራት ሆነው መጥተው አራቱም ይገባሉ፤ "አንድ አላልክም ወይ?" ያለኝ ሰው በሠላሳ ዓመት አላጋጠመኝም።

ሌላው ስለ እኔ መታወቅ ያለበት ነገር አስተማሪ ፊት ተቀምጬ የማላውቅ መሆኔ ነው። ፊደል የለየሁት ከአውቶቡስ ግንባር ሰሌዳ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል "ሞጆ" ነው፤ አጭር ስለሆነ። "አቦምሳ" አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። "ሻሸመኔ"ን ያነበብኩ ቀን ለጓደኞቼ ሻይ ጋብዣለሁ። ስልክም እንደዚሁ ነው፤ ማንም አላሳየኝም። ሦስት ጊዜ ቋንቋው ወደ ቻይንኛ ተለውጦብኝ ሦስቱንም ጊዜ መልሼዋለሁ። በአራተኛው ታከተኝና ለሁለት ወር በቻይንኛ ተጠቀምኩበት። ከተማው ውስጥ ይህን ማድረግ የሚችል የተማረ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

አንዲት ልጅ አለችኝ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። ልጄ በአንድ የግል ማሠልጠኛ ኮሌጅ የልብስ ስፌት አስተማሪ ናት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስራ አምስት የስፌት መኪና የተደረደረበት የራሷ ክፍል አላት። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ገባችና፣ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳትሰጠኝ፣ ወንበር ላይ ቆማ ከቁም ሳጥኑ አናት ትልቁን ሻንጣ አወረደች። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውል ጀመር።

"ምነው፣ ሠርግ ተጠራሽ?" አልኳት።

"አባዬ፣ እስከ ሰኞ ሳምንት ጠዋት ድረስ አስራ አምስት ሰልጣኝ በአካል ቀርቦ ካልተመዘገበ ክፍሉ ዘንድሮ አይከፈትም። ዲኑ ክፍሉን ለኮምፒውተር ስልጠና እሰጠዋለሁ ብሏል።"

"እና ሻንጣው ምን አደረገ?"

"ሐዋሳ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። ክፍሉ ካልተከፈተ እሄዳለሁ።"

ሐዋሳ ሩቅ አይደለም። ስንቱን ወደዚያ እንደሸኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው። የራስ ልጅ የምትሳፈርበት ቀን ግን መንገዱ ይረዝማል። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። "እስካሁን ስንት ሰው አላችሁ?" ብዬ ብቻ ጠየቅኋት፤ የሙያ ጥያቄ ነው።

"ፌስቡክ ላይ አስተዋውቀናል። መማር የሚፈልጉ ሰዎች እንዲጠይቁበት ቴሌግራም ላይም ግሩፕ ከፍተናል። ግሩፑ ውስጥ አራት ሰው አለ።"

"ማን ማን?"

"እኔ፣ ዲኑ፣ የግቢው ጥበቃ፣ ሌላው ደግሞ ጫማ ሊያስተዋውቅ የገባ ሰውዬ።"

"ባዶ መኪና!" አልኩና ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። "አስገቢና አስወጪ አድርጊኝ።"

"አድሚን ማለትህ ነው?"

"እሱን።"

ልጄ አልፈለገችም። ግሩፑ የኮሌጁ እንጂ የመናኸሪያ አይደለም አለች። ሻንጣውን ጠቆምኳትና "ከዚህ የባሰ ምን ላበላሽ እችላለሁ?" አልኳት። ትንሽ አሰበችና ስልኬን ተቀብላ አድሚን አደረገችኝ። አሁን ሳስበው ጥያቄዬ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ መልስም ነበረው።

በማግስቱ የእድራችን ስብሰባ ነበር። ሰብሳቢው ጸሎቱን አሳርጎ ሳይጨርስ እጄን አወጣሁና "ስልካችሁን አምጡ" አልኩ። ልጆቻቸው ትልቅ ስልክ የገዙላቸው አስራ አንድ ሰዎች አገኘሁ። ከነሱ መካከል ሦስቱን ላስተዋውቅ፤ በኋላ ይፈለጋሉ። አንደኛዋ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ከአርሲ እስከ አዳማ የማታውቀው ቤተሰብ የለም። ሁለተኛው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ስለ ጉልበቱም መናገር ይወዳል። ሦስተኛው መቂ እየተመላለሰ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያስጭን ደላላ ነው። አብሮ አደጌ ስለሆነ ስለ እሱ ክፉ አልናገርም፤ ለመናገር ግን ብዙ ነገር አለ።

"ምን ልንማር ነው?" አለ ሹፌሩ።

"ምንም አትማርም። ተቀመጥ ብቻ።"

"ወንበሩ የት ነው?"

"ስልክህ ውስጥ።"

ስልኩን አገላብጦ አየው።

"አንድ ነገር ብቻ አደራ" አልኩ ለሁሉም። "ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። እኔ ውረዱ እስክል ድረስ ደግሞ ማንም እንዳይወርድ።"

እሺ አሉ። የእድር ሰው እሺ ይላል። ዝም ማለት ግን አይችልም። በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ስከፍት አርባ ሦስት መልእክት ገብቷል። የጽጌረዳ ሥዕል ከነምርቃቱ፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚያሳይ ፎቶ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ጋር፣ እንኳን ለወር በዓሉ አደረሳችሁ፣ አልሐምዱሊላህ በሰላም ነጋ፣ አካም ቡልተኒ፣ ሌላ ጽጌረዳ። ደላላው ከመቂ በጭነት መኪና ጩኸት መሐል ድምፁን ቀድቶ ልኳል፤ "ዛሬ ቲማቲም ወድቃለች፣ ሽንኩርት ግን አንገቷን ቀና አድርጋለች!" ሹፌሩ ደግሞ ሳያውቀው የጉልበቱን ፎቶ ሰባት ጊዜ ልኳል።

"ይህ ጉልበት አብጧል" ብላ ጻፈች ቅቤ ነጋዴዋ።

"በሞቀ ጨው ይታሰር" አለ ሌላው።

"ጨው አይደለም፣ ፍል ውኃ ነው የሚያሽለው። ሶደሬ ውሰዱት።"

"ማን ይዞት ይሄዳል?"

"እኔ ሐሙስ እሄዳለሁ፣ ቦታ አለኝ።"

ልጄ ከኮሌጁ ደወለች። "አባዬ፣ ግሩፑ ውስጥ ያለው ጉልበት ምንድነው?"

"እርሾ ነው" አልኳት።

ስልኩን ዘጋችው፤ ወይም መስመሩ ተቋርጦ ይሆናል።

ማክሰኞ ዕለት የመጀመሪያዋ እውነተኛ ተሳፋሪ ገባች። ከአቦምሳ የጻፈች ልጅ ናት። "ሰላም ናቹ፣ ምዝገባው እስከ መቼ ነው?" ትላለች። መነጽሬን አድርጌ መልስ ልጽፍ ስል ቅቤ ነጋዴዋ ቀደመችኝ።

"ሰላም ነሽ የኔ ልጅ። የማን ልጅ ነሽ?"

ልጅቷ የአባቷን ስም ጻፈች።

"አቦምሳ የት ጋ?"

"ገበያው አካባቢ።"

"ቆይ፣ ገብስ የምትሸጥ አክስት አለችሽ? ግራ እጇ ላይ ጠባሳ ያላት?"

"አዎ! እንዴት አወቁ?"

"እኔ ነኝ ቅቤ የምገዛት! አዳማ ስትመጪ የት ልታርፊ ነው?"

"እናቴ የፈራችው እሱን ነው።"

"በይ ለእናትሽ ንገሪያት፣ እኔ ጋ ነው የምታርፊው። ሁለት ሴት ልጆቼን ድሬ ባዶ ክፍል ይዤ ቁጭ ብያለሁ።"

በአንድ ሰዓት ውስጥ የልጅቷ እናት ራሷ ግሩፑ ውስጥ ገባች። ከእሷ ኋላ አክስቲቱ ገባች። እኔ ደግሞ ሻይ አፍልቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ዘዴ ማን እንዳመጣው ለሚጠይቅ መልስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሌሎችም መግባት ጀመሩ፤ ከቢሾፍቱ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ። ማንም ሰው ስለ ስልጠናው ጠይቆ መልስ ከማግኘቱ በፊት የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። አንዱ የሞጆ ወጣት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ "የማን ልጅ ነህ?" ቢለው ደንግጦ ከግሩፑ ወጣ። ሹፌሩ በድሮ የሥራ ባልደረባው በኩል አባቱን ፈልጎ አግኝቶ፣ በአባቱ በኩል ልጁን አስመለሰው። ልጁ ተመልሶ ሲገባ ሁሉም "እንኳን ደህና መጣህ" ብለው ጽጌረዳ ላኩለት።

እኔም የድርሻዬን እሠራ ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ግቢው መሐል ቆሜ፣ የድሮውን ድምፄን አውጥቼ እቀዳለሁ። "ስፌት! ስፌት! ስፌት! የቀረን አንድ ሰው ነው!" ቀድቼ እልካለሁ። የጎረቤት ውሻ ይጮኻል፤ እሱም አብሮ ይቀዳል። እስከ ዓርብ ግሩፑ ሰባ ሰው ደረሰ። ማታ ማታ ልጄ ስትገባ "መኪናው ሞልቷል" እላት ነበር። ሻንጣው ግን አልተመለሰም፤ አፉን ከፍቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ሹራብ ገብቶበታል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጄ ሳሎን ተቀምጣ፣ እንመጣለን ያሉትን አንድ በአንድ እየደወለች ስም መመዝገብ ጀመረች። አስራ አምስት እስክትል ጠበቅሁ። ስድስተኛው ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

"ስድስት ናቸው" አለች።

"ሰባ ሰው አለ እኮ!"

"አስራ አንዱ የእድር ሰው ነው። ብዙዎቹ እናት፣ አባትና አክስት ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ የጻፉልኝን ስማ።" ስልኳን ከፍታ ታነብልኝ ጀመር። አንዷ የቢሾፍቱ ልጅ "አንድ ሰው ብቻ ከቀረ ከእኔ ይበልጥ የቸገራት ትግባበት፤ እኔ የከርሞውን እጠብቃለሁ" ብላ ጽፋለች። ሁለት የሞጆ ጓደኛሞች "ሁለት ነን፣ አንለያይም፣ ስለዚህ ይቅርብን" ብለዋል። ከሁሉ የባሰው አንድ የመቂ አባት የጻፈው ነበር። "ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። አንድ ቦታ ብቻ ቀረ ካላችሁ ጀምሮ አይነጋገሩም። ታላቂቱ የታናሺቱን መቀስ ደብቃለች። እባካችሁ የትኛዋን እንደምትወስዱ እናንተው ወስኑልኝ።"

"አባዬ፣ አንድ ሰው ቀረ ብሎ ማን ነገረህ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

"ታዲያ?"

"ሁልጊዜ የሚቀረው አንድ ነው!"

"የት?"

"መናኸሪያ!"

አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ሄዳ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች፤ ክዳኑ ከሥሯ ተዘጋ። "እነሱ መናኸሪያ ውስጥ አይደሉም እኮ አባዬ" አለች። "የተነገራቸውን ያምናሉ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ቶሎ ነው የሚገባኝ፤ ሰው ሲነግረኝ ብቻ ትንሽ እዘገያለሁ። መናኸሪያ ውስጥ ሰው ጆሮውን ለእኔ ይሰጥና ዓይኑን በመኪናው መስኮት ያስገባል። ባዶውን ወንበር ራሱ ቆጥሮ ነው የሚገባው። ስልክ ግን መስኮት የለውም። ከአቦምሳና ከመቂ የሚያዳምጠኝ ልጅ ከእኔ ድምፅ በቀር የሚያየው ነገር የለም። እኔ ደግሞ በዚያ ድምፅ ስድስት ቀን ሙሉ በር ስዘጋባቸው ከርሜአለሁ።

"ይቅርታ ጠይቃቸው" አለች ልጄ።

ይቅርታ ስጠይቅ ድምፄ አያምርም። ለምዶት አያውቅም። ስለዚህ ከሙያዬ ውስጥ የሚሆን ነገር ፈለግሁ፤ ደግሞም አገኘሁ። መኪና ሞልቶ ሲወጣ፣ ያልተሳፈረው ሰው ወደ ቤቱ እንዳይመለስ የምንጠራው ጥሪ አለ። ኮቴን ለበስኩ፣ ባርኔጣዬን አደረግሁ፣ ግቢ ወጣሁና ቀዳሁ።

"ስሙ! ስሙ! ሁለተኛ መኪና ገብቷል!"

"እውነቱን" አለች ልጄ ከኋላዬ።

"እውነቱን ለመናገር መጀመሪያውንም የነበረው አንድ መኪና ነው" አልኩ ቀረጻውን ሳላቋርጥ። "አንድ ሰው ቀረ ያልኩት እኔ ነኝ። የመናኸሪያ ልማድ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ብዬዋለሁ፤ አፌ ላይ ቀረ። ባዶ ወንበር ዘጠኝ አለ። ሁለት ሆናችሁ ኑ። የቢሾፍቱዋ ልጅ፣ ለሌላ ሰው አትተዪ፣ ነይ። የመቂዎቹ እህትማማቾች፣ ሁለታችሁም ኑ፤ መቀሱም ይመለስ። ሰኞ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት፣ ሦስተኛ ፎቅ! ስፌት! ስፌት! ስፌት!"

ውሻው ጮኸ። ላክሁት።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኮሌጁ በር ላይ ነበርኩ። ዲኑ ገና ወጣት ነው፤ ከረባት አስሯል፤ ሰው አክባሪ ነው። የስፌት ክፍሉ በር ላይ ጠረጴዛ አስወጥቶ መዝገቡን ዘረጋ። "አባት፣ አራት ሰዓት ላይ እዘጋለሁ" አለኝ። "እኔም አለቃ አለብኝ።" ልጄ ክፍሉ ውስጥ ነበረች። ማንም ሳይጠይቃት የስፌት መኪናዎቹን ሁሉ በዘይት ጨርቅ ትወለውላለች፤ ሻንጣውን እንደወለወለችው አይነት።

ስድስቱ መጡ። የአቦምሳዋን ልጅ ቅቤ ነጋዴዋ ራሷ ቦርሳዋን ተሸክማ አደረሰቻት። ከግሩፑ ሸሽቶ የነበረው የሞጆ ወጣትም አባቱ እጁን ይዞት መጣ። ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱ የሞጆ ጓደኛሞች ተያይዘው ደረጃውን ወጡ፤ ስምንት። የቢሾፍቱዋ ልጅ ዘጠኝ። ከዚያ የመቂው አባት ከሁለት ልጆቹ ጋር፤ አስራ አንድ። መቀሱን አባትየው በኪሱ ይዞታል። ከዚያ ማንም የማያውቀው ሰው ሲያለከልክ ደረጃውን ጨረሰና "ይህ ነው የስፌት ክፍሉ?" አለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ግሩፑ ውስጥ የነበረው ጫማ ሻጭ ነው። "ጫማዬን ማንም አልገዛኝም" አለ። "መልእክታችሁን ግን አንድ ሳልተው አነበብኩ። ቦርሳ መስፋት እፈልጋለሁ።" አስራ ሁለት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ደረጃው ጸጥ አለ።

ከዚያ ብዙ ኮቴ ተሰማ። ወደ ደረጃው አፍ ተጠጋሁ። ብቅ ሲሉ ግን ነጠላ፣ ምርኩዝ፣ ባርኔጣ ነው። ከቅቤ ነጋዴዋ በቀር የነበሩት አስር እርሾዎቼ በሙሉ የስብሰባ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እየተደጋገፉ መጡ። ሹፌሩ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎታል።

"ምን ልታደርጉ መጣችሁ?" አልኩ።

"አንተ ውረዱ አላልክም!" አለ ሹፌሩ። "ሰኞ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ አልክ። ወጣን።"

ዲኑ ከመዝገቡ ቀና አለ። "አባት፣ እነዚህ እነማን ናቸው?"

"እርሾ ናቸው።"

"ማለት?"

ከሞጆው እንቅልፋም ጀምሬ አስረዳሁት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ፤ ጥሩ ልጅ ነው። ከዚያ ወደ እነሱ ዞሮ "በእውነት መማር የሚፈልግ አለ? አጭር ስልጠና ነው፤ ማንበብና መጻፍ ብቻ በቂ ነው" አለ።

እርስ በርስ ተያዩ። ቅቤ ነጋዴዋ ነጠላዋን አስተካከለች። "እኔ እማራለሁ። እስከ ስምንተኛ ደርሻለሁ" አለች። "በሕይወቴ ብብቱ የማይዘኝ ቀሚስ ለብሼ አላውቅም። አንድ ቀን ራሴ ሰፍቼ ክንዴን ማንሳት እፈልጋለሁ።"

"አስራ ሦስት" አለ ዲኑ።

"እኔንም ጻፈኝ" አለ ሹፌሩ። "በዚህ ጉልበት ሦስት ፎቅ ወጥቼ ባዶ እጄን አልወርድም።"

"አስራ አራት።"

የቀሩት "መርፌ የሚያይ ዓይን የለንም" ብለው ደላላውን ማየት ጀመሩ። ደላላው ሰዓቱን አየ። "መቂ ሽንኩርት እየተጫነ ነው፣ ረፈደብኝ!" ብሎ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። ስለ እሱ አልናገርም ብያለሁ።

ዲኑ እስክሪብቶውን አስራ አምስተኛው መስመር ላይ አሳረፈ። "አንድ ሰው ቀረ" አለ።

ሠላሳ ዓመት ስለው የኖርኩትን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ እውነት ሆኖ ሳየውም የመጀመሪያዬ ነው። ሰገነቱ ላይ ወጣሁ። ከታች መንገዱ በባጃጅና በሰው ተሞልቷል። አየር ሳብኩና ያለኝን ድምፅ ሁሉ ለቀቅሁት። "ስፌት! ስፌት! የቀረን አንድ ሰው ነው! በእውነት አንድ ሰው ነው!"

ከታች አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ አየ። ዓመታት ሙሉ ሚኒባስ በር ላይ አብሮኝ ሲጣራ ያደገ የመናኸሪያ ልጅ ነው። "አይ አባባ!" ብሎ ሳቀ። "እርስዎ ጋ መቼ ነው ሁለት ሰው ቀርቶ የሚያውቀው?" ሌሎቹም ሳቁ። አንዱ "ሞጆ ካለ ንገሩኝ!" አለ። ማንም ወደ ደረጃው አልመጣም።

ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀራል። ልጄ ጥግ ላይ ያለችውን የስፌት መኪና ትወለውል ነበር፤ የመጨረሻዋን። ቀና ብላ አላየችኝም። አንዲት ቦታ ብቻ ደጋግማ ታሻለች።

አስተማሪ ፊት ተቀምጬ አላውቅም ብያለሁ። ይህን ለቀበሌ ሊቀመንበር ብያለሁ፣ ለቄስ ብያለሁ፣ በሁለት ሠርግና በአንድ የእድር ስብሰባ ቆሜ ተናግሬአለሁ። የእኔ የምለው ንብረት ቢኖር እሱ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ባዶ ወንበር አለ።

"ጻፈኝ" አልኩት ዲኑን።

"እርስዎን?"

"አዎ፣ እኔን።"

"ማንበብና መጻፍ ይችላሉ አባት?"

"ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ" አልኩት።

ጻፈኝ። እድሩ አጨበጨበ፤ ሹፌሩ ፎቶ አነሳ፤ በኋላ ሳየው የወለሉን ነው ያነሳው። ልጄ ጨርቁን አስቀመጠችና መጥታ ከጥጉ መኪና ሥር ወንበር ሳበችልኝ። ተቀመጥኩ።

ሻንጣውን በዚያው ቀን እኔው ራሴ ወንበር ላይ ቆሜ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት መለስኩት። ሹራቦቹን አላወጣኋቸውም፤ እዚያው ይክረሙ።

ትምህርት ከጀመርን አሁን ሁለተኛ ወራችን ነው። ግሩፑ አልተዘጋም። ከርሞ ለሚመዘገቡት ይሆናል ብሎ ዲኑ ራሱ አትዝጉት አለ። ጽጌረዳውም፣ የሽንኩርቱም ወሬ፣ "የማን ልጅ ነሽ"ውም እንዳለ ነው። የእኔ የጠዋት ጥሪ ግን ተለውጧል፤ ስንት ባዶ ወንበር እንዳለ ቆጥሬ ነው የምናገረው። ለሙያው ከባድ ነው፤ ለምጄዋለሁ።

ቤት ውስጥ ልጄ አሁንም አባዬ፣ አንተ ነው የምትለኝ። ክፍል ውስጥ ግን እርስዎ ትለኛለች፤ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ሰልጣኝ። ትናንት ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ የኪስ ስፌት ጨርሼ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ከአስራ አምስታችን ቀጥ አድርጎ የሚሰፋ እኔ ብቻ እንደሆንኩ ጎረቤቴ ሹፌሩም መስክሯል። ልጄ መጥታ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየችው፤ ገልብጣም አየችው።

"ኪሱን ከላይ ሰፍተውታል" አለች። "እጅ አያስገባም። ይፍቱትና እንደገና ይስፉት።"

ፈታሁት።